ከአጥንት እስከ መንኮራኩር

ከቁስቋም ሽቅብ ሲወጣ፣ እንጦጦ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የኅዋ ምርምር ማዕከል ይገኛል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት መቆጣጠሪያ ጣቢያም እዚሁ ነው።

የሰው ልጅ ከመጀመሪያው መሣሪያ አንሥቶ እስከ ኅዋ ያደረገውን ጉዞ በአንድ ፊልም ያሳየው ስታንሊ ኩብሪክ ነው። «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ለዕይታ የበቃው በመጋቢት 1960 ዓ.ም.፣ ሰው ጨረቃን ከመርገጡ 15 ወራት በፊት ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው በአፍሪካ ነው። ዝንጀሮ መሰል ፍጡር አጥንት አንሥቶ መሣሪያ ያደርገዋል፤ ወደ ሰማይ የወረወረው አጥንትም በቅጽበት በኅዋ የሚንሳፈፍ መንኮራኩር ሆኖ ይታያል። የዚህ ክፍል አብዛኞቹ ትዕይንቶች የተቀረጹት እንግሊዝ አገር ስቱዲዮ ውስጥ ሲሆን፣ ከተዋንያኑ ጀርባ ያለው ምድረ በዳ የናሚብ በረሃ ፎቶግራፍ ነው።

የእውነተኛው ታሪክ ማስረጃ የወጣው ግን ከአፋር ነው። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ድንቅነሽ ሐዳር ላይ ተገኘች። በአቅራቢያው ከምትገኘው ጎናም 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል።

የፊልሙ ተጽዕኖ ዛሬም አልደበዘዘም። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አደጋ ሲነሣ፣ በጠፈርተኞቹ ላይ ያመፀው ሃል የተባለው ኮምፒውተር አብሮ ይጠቀሳል።

የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም በኢትዮጵያም ተሠርቷል። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ የተወኑበት፣ በስፔናዊው ሚጌል ያንሶ የተዘጋጀው «ክራምስ» በ2007 ዓ.ም. በሮተርዳም ፌስቲቫል ታየ፤ በሰማዩ ላይም ለዘመናት የቆመ ዝገታም መንኮራኩር ተንጠልጥሏል።