ክፍሉ ያለ መምህር በሚውልበት ቀን፦ የወላጆች ሥጋትና የትምህርት ቤት አደራ

ዱርቤቴ የደቡብ አቸፈር ወረዳ መቀመጫ ስትሆን ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ የሚወስደው አውራ ጎዳና ያቋርጣታል። ከጎዳናው ወጣ ብለው በበቆሎና በዳጉሳ ማሳዎች መካከል የሚገኙ አነስተኛ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከየጎጡ የሚመጡ ሕፃናትን ያስተናግዳሉ። ልጁን ጠዋት ሸኝቶ ወደ እርሻው የሚሰማራ ወላጅ የሚያሳስበው የልጁ በሰላም መድረስ ብቻ አይደለም፤ በክፍል ውስጥ ማን እንደሚጠብቀውም ጭምር ነው። ይህ ጥያቄ በቤተ ክርስቲያን ዐፀድና በገበያ መንገድ ላይ ደጋግሞ ይነሣል፤ በትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ግን እምብዛም አይቀርብም። ስለዚህ ሥጋቱ ከየት እንደሚመነጭና በምን መንገድ ቢቀርብ መፍትሔ እንደሚያገኝ ማብራራት ተገቢ ነው።

ክፍሉ ለምን ያለ ጠባቂ ይቀራል?

ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም የትምህርት ዓይነት የሚያስተምርበት አሠራር በገጠር ትምህርት ቤቶቻችን የተለመደ ነው። መምህሩ እያንዳንዱን ሕፃን በስምና በጠባይ ስለሚያውቅ አሠራሩ መልካም ጎን አለው። ጉድለቱ የሚታየው መምህሩ በቀረ ዕለት ነው። በላይኞቹ ክፍሎች የአንድ መምህር መቅረት አንድ ክፍለ ጊዜ ያጎድላል፤ በታችኞቹ ክፍሎች ግን ሙሉ ቀን ያጎድላል። የሚጎዱትም ራሳቸውን መጠበቅ የማይችሉት ታናናሾቹ ናቸው።

መምህር የሚቀረው ሁልጊዜ በስንፍና አይደለም። ስብሰባና ሥልጠና ወደ ወረዳው ከተማ ይጠሩታል፤ ሕመም፣ ወሊድና ኀዘንም ያጋጥማሉ። በአቅራቢያው የሚያድርበት ቤት ያጣ መምህርም ከከተማ ሲመላለስ ያረፍዳል። በትልቅ ትምህርት ቤት ክፍለ ጊዜ የሌለው ባልደረባ ይተካዋል። በትንሹ ትምህርት ቤት ግን ሁሉም መምህራን በየክፍላቸው ስለሆኑ ያለው ምርጫ ሁለት ክፍሎችን ማጣመር ወይም ሥራውን ለክፍል አለቃ መተው ነው። ለአንድ ክፍል የተቀመጠው ልክ 50 ተማሪ በመሆኑ ሁለት ክፍሎች ሲጣመሩ ልኩ በቀላሉ ይታለፋል። የክፍል አለቃውም ቢሆን ሕፃን ነው፤ የሚረብሹትን ስም ከመጻፍና አለንጋ ከመያዝ ያለፈ አቅም የለውም።

በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች ታላቁ ታናሹን ማስቆጠሩ ጥንታዊ ሥርዓት ነው። ይሁን እንጂ በዚያ የኔታ በአቅራቢያው ተቀምጠው ያደምጣሉ፤ ያሳሳተውንም ያርማሉ። ታላቁ ልጅ የመምህሩ ረዳት ነው እንጂ ምትክ አይደለም። ልዩነቱ ይህ ነው።

ጠባቂ በሌለበት ክፍል የሚደርሰው ጉዳት ብዙ ነው። ዘግይተው ትምህርት የጀመሩ ጎረምሶችና የሰባት ዓመት ሕፃናት በአንድ ክፍል ስለሚገኙ ጠብ ሲነሣ ደካማው ይጎዳል። ልጆች ከግቢ ወጥተው ወደ ወንዝ ወይም ወደ መኪና መንገድ ይሄዳሉ። ሴት ልጅ የሚተነኩሷትን የሚገታ ሲጠፋ ትምህርት ቤቱን ትሸሻለች፤ ወላጅም ሥጋት ሲያድርበት ቤት ያስቀራታል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በሌላ ሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት አባቱን ኃላፊ ያደርጋል። ነገር ግን በቁጥር 2125 እንደተደነገገው ልጁ በትምህርት ቤት ጥበቃ ሥር ባለበት ጊዜ ኃላፊነቱ ወደ አስተማሪው ይተላለፋል። በሌላ አነጋገር በእነዚያ ሰዓታት ትምህርት ቤቱ በአባት ቦታ ይቆማል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ መጠበቅ ማለት መግረፍ ማለት አይደለም፤ አለንጋውን ለክፍል አለቃ መስጠትም ፈጽሞ አይገባም።

ወላጆች ምን ማድረግ ይችላሉ?

ሥጋቱን የሚያደምጥ አካል በየትምህርት ቤቱ አለ። እርሱም ወላጅ፣ ተማሪና መምህር በአንድነት የሚመክሩበት ኅብረት (ወተመህ) ነው። ጉዳዩ በቅድሚያ ለርእሰ መምህሩ፣ ቀጥሎ ለኅብረቱ፣ ካልተፈታም ለጉድኝት ማዕከሉ ሱፐርቫይዘርና ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይቀርባል። አቤቱታው በአንድ መምህር ስም ላይ ከሚያተኩር ይልቅ በአሠራር ላይ ቢያተኩር ፍሬ ያፈራል። የሚከተሉትን መጠየቅ ይቻላል፦

• መምህር በሚቀርበት ቀን ወደ ክፍሉ የሚገባው ማን ነው? ተራው አስቀድሞ ተጽፎ ተለጥፏልን?
• በዕረፍት ሰዓት ግቢውንና በሩን የሚጠብቀው ማን ነው?
• ትምህርት የማይኖርበት ቀን ለወላጅ አስቀድሞ ይነገራልን?
• ሥልጠናና ስብሰባ መምህራንን ሁሉ በአንድ ቀን እንዳያስወጣ ከወረዳው ጋር ምክክር ተደርጓልን?

ወላጅም ድርሻ አለበት። ልጅን ከመምህራን መምጣት ብዙ ቀድሞ መላክ፣ ወይም ለትምህርት ያልደረሰውን ታናሽ ከታላቁ ጋር አብሮ መስደድ የመምህሩን ሸክም ያከብዳል። በሌላ በኩል ማኅበረሰቡ ለመምህራን መኖሪያ የሚሆን ጎጆ በትምህርት ቤቱ አጠገብ ቢሠራ የማርፈዱ አንድ ምክንያት ይወገዳል። ይህ በእንጨት፣ በጭቃና በጉልበት የሚፈጸም፣ አርሶ አደሩ የሚችለው ሥራ ነው።

ለዚህ ሁሉ የሚመቸው ጊዜ ትምህርት የሚጀመርበት መስከረም ነው። በዓመቱ የመጀመሪያ የወላጆች ስብሰባ ላይ የተተኪዎች ተራ ተጽፎ በቃለ ጉባኤ ከጸደቀ፣ መምህር በሚቀርበት ዕለት ሕፃናቱ ማን እንደሚጠብቃቸው ከወዲሁ ይታወቃል።