ቀበቶ አይለመንም

በአሰላም ሆነ በሌላ ከተማ፣ ወጣቶች ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ወገባቸውን በቀበቶ ታጥቀው፣ በእግርና በእጅ ሲማቱ አይታችሁ ይሆናል። ይህ ቴኳንዶ ይባላል። ከኮሪያ የመጣ፣ ራስን የመከላከል ስፖርት ነው።

የቀበቶው ቀለም ለጌጥ አይደለም። የችሎታ ደረጃ ነው። ጀማሪ ነጭ ይታጠቃል። ከዚያ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ እያለ ጥቁር ላይ ይደርሳል። ልማዱ የተጀመረው በጃፓን ነው። ጂጎሮ ካኖ የሚባሉ መምህር እ.ኤ.አ. በ1882 የጁዶ ትምህርት ቤት ከፈቱ። በኋላም የበቁ ተማሪዎቻቸውን በጥቁር ቀበቶ ለዩ።

ደረጃ የሚገኘው በፈተና ነው። ተማሪው በጓደኞቹ ፊት ምቱንና መከላከሉን ያሳያል። ለፈተና መድረሱን የሚያውቀው አስተማሪው ነው። ስለዚህ «መቼ ነው የምታሳድገኝ?» ብሎ መነዝነዝ ነውር ነው። ያለፈ ተማሪ እጅ ነሥቶ ቀበቶውን በሁለት እጁ ይቀበላል። ከታላቅ በሁለት እጅ መቀበል ለእኛም አዲስ አይደለም። የወደቀ አያኮርፍም፤ እንደገና ይለማመዳል። ከፍ ያለው ጀማሪውን ይረዳዋል እንጂ አይንቀውም።

አንዳንድ ወላጅ ግን «ልጄ ከጎረቤት ልጅ ለምን ያንሳል?» ይልና አስተማሪውን ይለማመጣል። ገንዘብም ይዞ የሚሄድ አለ። ይህ ልጁን መጉዳት ነው። ለምን ቢባል፣ በልምምድ የሚጋጠሙት ቀበቶአቸው እኩል የሆኑ ልጆች ናቸው። ባለጋራው እኩያዬ ነው ብሎ በሙሉ ኃይሉ ይመታዋል። ያልተማረው ልጅ መመከት አያውቅም። ጥርሱ ይረግፋል፤ እጁ ይሰበራል። ያን ጊዜ ቀበቶው አያድነውም።

የአርሲ ሽማግሌዎች ተራ መጠበቅን ከገዳ ያውቁታል። ገዳ የሚሄደው በትውልድና በዓመት ነው፤ ቴኳንዶ በችሎታ። ቢሆንም በሁለቱም እርከን አይዘለልም። በገዳ ሰው ከእርከን ወደ እርከን የሚያልፈው ጊዜው ሲደርስ ነው። አባ ገዳም 8 ዓመት መርቶ ሥልጣኑን ለተረኛው ያስረክባል።

እንግዲህ ልጃችሁ ከልምምድ ሲመለስ «ቀበቶ ተሰጠህ ወይ?» አትበሉት። «ዛሬ ምን ተማርክ?» በሉት። ገለባ ጆንያ ቢሞላ ስንዴ አይሆንም።

ጥያቄ
1. የቀበቶ ቀለም ምን ያመለክታል?
2. ያልተማረ ልጅ ከፍ ያለ ቀበቶ ቢታጠቅ ምን ይደርስበታል?