የሕልም መጽሐፍና የመንገደኛ መዝሙር

ልብ ወለድ ታሪክ ለጨዋታ እንጂ ለመዝሙር አይሆንም የሚሉ ሰዎች በየጊዜው ያጋጥሙናል። በእነርሱ አስተያየት መዝሙር የሚቀዳው ከቅዱሳት መጻሕፍት ብቻ ነው፤ ክንፍ ያለው ጋኔን፣ ሰው የሚያስር ግዙፍና ጭራቅ የሚገኙበት ታሪክ ግን የልጆች ማጫወቻ ከመሆን አያልፍም። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለተመለከተው ሰው ግን እንዲህ ሆኖ አይገኝም። በሆሳዕናና በሀቢቾ፣ ከዚያም ወዲያ በከምባታ ከተሞች ባሉት የወንጌል አማኞች ዘንድ ስለ መንገደኛ፣ ስለ ሸክም፣ ስለ ወንዝና ከወንዙ ማዶ ስላለችው ከተማ ይዘመራል። እነዚህ መዝሙራት ከአንድ እንግሊዛዊ ድስት ጠጋኝ ሕልም ጋር የሥጋ ዝምድና ባይኖራቸው እንኳ የጉርብትና ዝምድና አላቸው።

ይህ ድስት ጠጋኝ ጆን ቡንያን ነው። በ1628 ቤድፎርድ ከተባለችው ከተማ አጠገብ ተወለደ፤ ያለ ፈቃድ ሰብከሃል ተብሎ ከ1660 ጀምሮ 12 ዓመት ያህል ታሰረ፤ በ1678 የመንገደኛውን ታሪክ አሳተመ። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ብለን የጻፍነው በእኛ አቆጣጠር ሲሆን፣ የቀረው ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።) ታሪኩ ሕልም ነው። ክርስቲያን የሚባል ሰው በጀርባው ከባድ ሸክም ተሸክሞ ጥፋት ከሚጠብቃት ከተማው ይወጣል፤ ረግረግ ውስጥ ይሰምጣል፤ የችግርን ኮረብታ ይወጣል፤ ቅርፊት ለብሶ እሳት ከሚተፋ ጋኔን ጋር ይዋጋል፤ ተስፋ መቁረጥ የተባለው ግዙፍ ሰው ይዞ በግንቡ ያስረዋል፤ በመጨረሻም ድልድይ የሌለውን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሰማያዊቱ ከተማ ይገባል። በ1684 በወጣው ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ቡንያን ስለ መንገደኛው ጀግንነት አንድ መዝሙር አስገባ። በዚህ መዝሙር ውስጥ አንበሳም ጭራቅም ርኩስ ጋኔንም በስማቸው ተጠርተዋል።

የዚህ መዝሙር ዕጣ አስገራሚ ነው። ከ200 ዓመት በላይ ከመጽሐፉ ሳይወጣ ከቆየ በኋላ፣ ራልፍ ቮን ዊልያምስ የተባለው የሙዚቃ ደራሲ በ1904 ሰሴክስ በሚባለው አውራጃ እየዞረ የገጠር ሰዎችን ዘፈን በሚጽፍበት ጊዜ፣ መንክስ ጌት ከተባለች መንደር አንድ የባላገር ዜማ ሰማ። ዘፈኑ ወደ ጦርነት ስለሚሄድ ሰው ስንብት እንጂ ስለ ሃይማኖት አልነበረም። ቮን ዊልያምስ ይህን ዜማ ለቡንያን ግጥም ሰጠውና በ1906 በታተመው የእንግሊዝ መዝሙር መጽሐፍ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑም የሚዘምረው ሆነ። ነገር ግን ከመጽሐፉ አዘጋጆች አንዱ የነበሩት ቄስ ፐርሲ ዲርመር ግጥሙን ሲያስተካክሉ ጭራቁንና ጋኔኑን አውጥተው ጣሏቸው። ምናልባት ለጨዋ ምእመናን ጆሮ አይስማሙም ብለው ይሆናል። ለዜማው ባላገሩን ወደዱት፤ ለቃሉ ግን ባላገሩ የሚፈራውን ነገር አልፈቀዱም።

ከቡንያን በኋላ የመጡት የተአምራዊ ታሪክ ደራሲዎችም እንዲሁ ወደ ዜማ መግባታቸው አልቀረም። ስኮትላንዳዊው ጆርጅ ማክዶናልድ የቡንያንን ታሪክ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር በየከተማው እየዞረ በቴአትር አሳይቷል። ማክዶናልድን እንደ መምህሩ የሚቆጥረው ሲ. ኤስ. ሉዊስ በ1950 ስለ አንበሳው አስላን ጻፈ። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ በ1980 አንድ የአሜሪካ የወንድምና እኅቶች የዘማሪ ጓድ ያንኑ ታሪክ ከዳር እስከ ዳር በሸክላ ላይ ዘመረው።

ወደ አፍሪካ ስንመለስ ነገሩ ይበልጥ ይጠነክራል። የቡንያን መጽሐፍ ወደ 200 በሚጠጉ ቋንቋዎች እንደ ተተረጎመና ከእነዚህም 80 ያህሉ የአፍሪካ ቋንቋዎች እንደ ሆኑ ሊቃውንት ቆጥረዋል። በደቡብ አፍሪካ በ1867 ወደ ኾሳ ቋንቋ የተረጎመው ቄስ ቲዮ ሶጋ ራሱ የመዝሙር ደራሲ ነበር፤ ከመዝሙሮቹም አንዱ በ1912 በብሉምፎንቴይን የደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች ኮንግረስ በተመሠረተበት ጉባኤ ላይ ተዘምሯል። የሕልሙን መጽሐፍ የተረጎመች እጅ የሕዝቡንም መዝሙር ጻፈች ማለት ነው።

በአገራችንም መጽሐፉ የቆየ ነው። ገብረ ጊዮርጊስ ተርፈ ወደ አማርኛ የተረጎሙት በ1892 በስዊስ አገር ታትሟል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት «ወዳጄ ልቤ» የተባለው ድርሰት የቡንያንን ፈለግ የተከተለ መሆኑን የሥነ ጽሑፍ መርማሪዎች ይስማሙበታል። የተዋሕዶ ሊቅ የነበሩት ኅሩይ ከአንድ የፕሮቴስታንት ሰባኪ ሕልም ለመማር አላፈሩም፤ በስደታቸውም ጊዜ በ1938 ያረፉት በዚያው በቡንያን አገር በባዝ ከተማ ነው።

ሀዲያና ከምባታ ግን በመጽሐፍ ሳይሆን በጆሮ የተማሩ ናቸው። የሱዳን ኢንተርየር ሚሲዮን ሰዎች በ1920ዎቹ መጨረሻ ሆሳዕና ሲደርሱ ማንበብ የሚችል ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ሚሲዮናውያኑ ተባረሩ፤ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱም ጥቂት ትተዋቸው የሄዱት አማኞች እጅግ በዝተው አገኟቸው። በነዚያ ዓመታት ትምህርቱን የያዘው በአመዛኙ ቃልና ዜማ ነው። መሪው ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፤ አንድ ጊዜ የሰማ ሰው በማግሥቱ ሌላ መንደር ሄዶ ያወጣዋል። ማተሚያ ቤትም አያስፈልገው።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለ ሕዝብ ሸክም ምን እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻም። እንሰትና እንጨት በጀርባዋ ተሸክማ ዳገት የወጣች ሴት ከቡንያን የበለጠ ታውቀዋለች። በክረምት የሞላ ወንዝ ምን እንደሚያደርግም እንዲሁ። ዛሬ ወደ አምበሪቾ ተራራ 777 ደረጃ ተሠርቶለት ጎብኚ ይወጣበታል፤ የድሮው ሰው ግን የወጣው በባዶ እግሩ ነው። ስለዚህ በእኛ አስተያየት የሕልሙ መጽሐፍ ለወንጌል መዝሙር ያበረከተው ሸክሙን ወይም ወንዙን አይደለም። ያበረከተው ረግረጉን፣ ዳገቱን፣ እስር ቤቱንና ወንዙን በአንድ መንገድ ላይ በተራ ማሰለፍን ነው፤ ሰው አንዱን መከራ ሲያልፍ የሚቀጥለው እንዳለ ዐውቆ እንዲሄድ። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናቱ ሲዘጉ የመንገደኛ መዝሙር በየጓዳው የተዘመረው ለዚህ ይመስለናል። ከሲዳማ የተነሣው ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ በዚያው ዘመን ሰባት ዓመት ታስሯል፤ መዝሙሮቹም ከደቡብ አልፈው በመላ አገሪቱ ተሰምተዋል። የመንገደኛ ነገር ከቡንያን ጀምሮ ከእስር ቤት ጋር መተዋወቁ ድንገተኛ ነገር አይመስልም።

አሁን ግን መንገዱ ሌላ ትርጉም አግኝቷል። ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ ከሆሳዕናና ከዙሪያዋ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች በኬንያ፣ በታንዛንያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አድርገው ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል፤ ወደዚያ ወደ ቲዮ ሶጋ አገር ማለት ነው። በገንዘባቸው ቤት ተሠርቷል፣ ሱቅ ተከፍቷል፤ ይህ አይካድም። ብዙዎቹ ሲሄዱ በጸሎትና በመዝሙር ይሸኛሉ፤ በሩ ተከፍቶልሃል ተብሎ ትንቢት የሚነገርላቸውም አሉ። በመጋቢት ወር 2020 ሞዛምቢክ ውስጥ በቴቴ አውራጃ አንድ የጭነት መኪና ሲፈተሽ 64 ሰዎች በኮንቴይነሩ ውስጥ ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ የተረፉት 14 ነበሩ። ኢትዮጵያውያን መሆናቸውም ተነገረ።

እኛ ዘማሪዎቹን ለመክሰስ አልተነሣንም። ነገር ግን ስለ ተከፈተው በርና ስለ ማዶው ከተማ ብቻ እየዘመሩ ረግረጉንና ግዙፉን ሰው የሚዘሉ መዝሙሮች መብዛታቸው ቄስ ዲርመርን ያስታውሰናል። ጭራቅ የሌለበት የመንገድ መዝሙር ለጆሮ ያማረ ነው፤ ለሚሄደው ልጅ ግን ግማሹ መንገድ አልተነገረውም። በሀቢቾም ሆነ በዱራሜ ያሉ አረጋውያን ከሚያውቋቸው የቀድሞ መዝሙራት ብዙዎቹ በወረቀት አልሰፈሩም፤ የሚይዛቸው የሰው ትዝታ ብቻ ነው። ወጣቱ በድምፅ ማጉያ ከሚዘምረው ጎን ለጎን እነዚያ ቢሰበሰቡ፣ ቮን ዊልያምስ በባላገር ደጅ እንደ ጻፈው ቢጻፉ፣ ከዳገቱና ከወንዙ አንዱም ባይቀነስ እንወዳለን።

እንግሊዞቹም ቆይተው ሐሳባቸውን ለውጠዋል፤ በኋላ ከታተሙት የመዝሙር መጻሕፍት ብዙዎቹ የቡንያንን የገዛ ቃል መልሰው ስላስገቡ፣ ጭራቁ ዛሬ በዚያው በባላገር ዜማ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይዘመራል።