ስለ ጭርትና ስለ ቅባቱ

ለዕረፍት ወደ ጓሳ የሚወጣ ተማሪ ሳይጠየቅ አይመለስም። «ዩኒቨርስቲ ገብተህ የለም ወይ? እስቲ ይህን የልጄን ገላ እየው» ይሉታል። ልጁ እጅጌውን ሲሰበስብ ዳሩ ቀላ ያለ፥ መሐሉ የጠራ ክብ ጭርት ይታያል። «ቅባት ቀቡት» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን የትኛውን ቅባት? እስከ መቼስ?

ጭርት የሚመጣው ፈንገስ ከሚባል፥ ከሻጋታ ወገን ከሆነ ረቂቅ ሕይወት ነው። ምግቡም ቆዳችን፥ ጠጉራችንና ጥፍራችን የተሠሩበት ኬራቲን ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ይስማማዋል። እንግዲያስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር በሚበልጠው ብርዳም አገር እንዴት ይኖራል? ቢባል፥ መንገዱን የሚያበጅለት ብርዱ ራሱ ነው። ብርድ ልብስ ያስደርባል፤ ቤተሰቡ ባንድ ባና ሥር ያድራል፤ እግርም በእርጥብ ቦት ጫማ ታፍኖ ይውላል። እንደዚሁም ከጥጃ ወደ እረኛ የሚተላለፍ የጭርት ዐይነት አለ።

ከቅባቶቹ አንጋፋው የዊትፊልድ ቅባት ነው። በውስጡ 6 በመቶ ቤንዞይክ አሲድና 3 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ አለበት፤ የመጀመሪያው ፈንገሱን ይገታል፥ ሁለተኛው የላይኛውን ቆዳ ከነፈንገሱ ይልጣል። ስለሚያቃጥል ለስስ ገላ አይሆንም። ዛሬ በብዛት የሚታዘዘው 1 በመቶ ክሎትሪማዞል ሲሆን፥ የፈንገሱን ሽፋን እያበላሸ ያጠፋዋል።

አቀባቡ እንዲህ ነው። ገላውን ታጥቦ በሚገባ ማድረቅ፤ በቀን ሁለት ጊዜ በስሱ መቀባት፤ ፈንገሱ የሚስፋፋው በዳር በኩል ስለሆነ ከክቡ ውጭ ሁለት ጣት ያህል ማለፍ፤ ከዚያም እጅን መታጠብ። ሕክምናው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል። ማሳከኩ ቀድሞ ስለሚተው ብዙ ሰው በሳምንቱ ያቆማል፤ ጭርቱም ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ምልክቱ ከጠፋ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት መቀጠል ያስፈልጋል።

ሦስት ነገሮችን ግን ልብ እንበል።

አንደኛ፥ ቤታሜታዞን የመሰለ የስቴሮይድ ቅባት ለጭርት አይሆንም። መቅላቱንና ማሳከኩን ስለሚያበርድ የዳነ ያስመስላል፤ ፈንገሱ ግን ከሥር ይስፋፋል፥ መልኩም ስለሚለወጥ ሐኪምን ያሳስታል። ከጓደኛ ቱቦ ተውሰን የምንቀባ እኛ ተማሪዎች በዚህ አንታማም።

ሁለተኛ፥ ቆረቆር በቅባት ብቻ አይድንም፤ ፈንገሱ ከጠጉሩ ሥር ስለሚገባ ቅባቱ አይደርስበትም። ሐኪም የሚያዝዘው የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። ከነዚህም አንዱ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1939 ዓ.ም. ከሻጋታ የተገኘው ግሪሶፉልቪን ነው፤ ለሳምንታት ይወሰዳል። ማበጠሪያ፥ ምላጭና ቆብ መዋዋስም መቅረት አለበት።

ሦስተኛና ዋናው፥ ክብ የሆነ ሁሉ ጭርት አይደለም። የማያሳክክ፥ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፥ በጥጥ ሲነካ የማይሰማ ምልክት የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል። ሥጋ ደዌ በሚዋጥ መድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም በነፃ ይሰጣል። በቅባት ሲታለል የከረመ ሰው ግን ነርቩ ተጎድቶ ጣቱን ሊያጣ ይችላል።

እንግዲህ ዩኒቨርስቲ መግባት ሐኪም አያደርግም። ቢሆንም የሚያሳክክ እንደሆነ መጠየቅ፥ በጥጥ መንካት፥ ጥርጣሬ ካለም ልጁን ይዞ እስከ ጤና ጣቢያ መሄድ ለማንኛችንም አያቅትም።