ቴኳንዶ የልጆች ብቻ ነው ያለው ማን ነው?

ወልቂጤ ወይም ቡታጅራ የሚኖሩ ከሆነ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ በአንድ አዳራሽ ወይም በትምህርት ቤት ግቢ አጠገብ ሲያልፉ ልጆች በኮሪያኛ «ሃና፣ ዱል፣ ሴት» እያሉ ሲቆጥሩ ሰምተው ይሆናል። በሩ ላይ ደግሞ ልጃቸውን ይዘው የመጡ ወላጆች ቆመው ይጠብቃሉ። እንደ ሐኪም የእኔ ጥያቄ በር ላይ ስለቆሙት ነው። ለምን እነሱም አይገቡም? ብዙ ጊዜ ከልጁ ይልቅ ሥልጠናው የሚያስፈልገው ደጅ ለቆመው ሰው ነው።

አዋቂዎች ወደ እኛ ሲመጡ የሚያሰሙት ስሞታ ይመሳሰላል። ትከሻዬን ይዞኛል፣ ወገቤ አላስቀምጥ አለኝ፣ ጨጓራዬ ያቃጥለኛል፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ሱቅ ውስጥ በርጩማ ላይ የሚውል ነጋዴ፣ የባጃጅ ሾፌር፣ ከወንበሩ የማይነሳ የቢሮ ሠራተኛ ይመጣሉ። የደም ግፊታቸውን ስንለካ ከፍ ብሎ የምናገኘው ጥቂት አይደለም። ቀጥዬ «ከሥራ በኋላ ከማን ጋር ያመሻሉ?» ብዬ ስጠይቅ ብዙዎቹ መልስ ያጥራቸዋል። የጉራጌን ከተሞች የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም። ለመስቀልና ለአረፋ ከአዲስ አበባና ከሌላውም አቅጣጫ ዘመድ ይጎርፋል፣ ቤቱ ይሞላል፣ ክትፎው ይቀርባል። እንግዳው ሲመለስ ግን የቀረው ሰው ከቴሌቪዥኑ ጋር ይፋጠጣል።

ብቸኝነት የሩቅ አገር ሰው ጣጣ ነው የሚሉ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ ብቸኝነት እንደሚሰማውና በየዓመቱ ከ871 ሺህ በላይ ሞት ከዚሁ ጋር እንደሚያያዝ አስታውቋል። ቡታጅራም ብትሆን በአገራችን የጤና ምርምር ስሟ የሚነሳ ከተማ ናት። በ1979 ዓ.ም. በተጀመረው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራምና ከእሱ በኋላ በተከተሉት ጥናቶች፣ የአእምሮ ሕመም በገጠሩም በትንሹም ከተማ እንዳለ በደንብ ታይቷል። በእኛ ሰው ዘንድ ድባቴ ብዙ ጊዜ «አዘንኩ» ብሎ አይመጣም፤ ራስ ምታት፣ ድካምና የሰውነት መቆራረጥ ሆኖ ነው የሚመጣው።

እንግዲህ ቴኳንዶውም ሆነ ካራቴው ለዚህ ምን ያደርጋል? መጀመሪያ አካሉን እንይ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ18 እስከ 64 ዓመት ላለ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ሥልጠና በሳምንት ሦስት ቀን ቢከታተሉ 180 ደቂቃ ሆነ፤ ሁለቱንም በአንድ ቦታ አገኙ ማለት ነው። ከ30 ዓመት በኋላ ጡንቻችን በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ እንደሚቀንስ ያስታውሱ። እግር ከፍቶ፣ ጉልበት አጥፎ ዝቅ ብሎ መቆም ቀላል ይመስላል፤ አንድ ደቂቃ ይሞክሩትና ጭንዎ ሲንቀጠቀጥ ይነግርዎታል። ያ ጡንቻ በርጩማ ላይ ሲቀመጡና ሲነሱ የሚሸከምዎት ነው። በአንድ እግር ቆሞ መርገጥ ሚዛንን ያሠለጥናል። ጁዶ ውስጥ ደግሞ ቀድሞ ከሚማሩት ነገር አንዱ እንዴት እንደሚወደቅ ነው፤ ለዕድሜ ባለጸጋ ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ ትምህርት አላውቅም። ልጆቹ ሲረግጡ የሚጮኹት ጩኸት እንኳ ጥቅም አለው። ሲጮኹ ትንፋሽ ይወጣል፤ ትንፋሽን አፍኖ መታገል ግን የደም ግፊትን በድንገት ያንራል።

«ታዲያ ብቻዬን ብሮጥስ?» ይሉ ይሆናል። ይሩጡ፣ ደስ ይለናል። ነገር ግን ሩጫውን ቢተዉት ማን ይጠይቅዎታል? ዕቁብ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ዕጣው ቢደርስዎም ባይደርስዎም በቀኑ ይገኛሉ፤ የሚጠብቅዎት አለና። በሥልጠናውም እንዲሁ ነው። ፓድ የሚይዝልዎት ሰው አለ፣ እርስዎም ለእሱ ይይዛሉ፣ ተጎንብሰው እጅ ተነሣሥተው ይጀምራሉ፣ እንዲሁ ይጨርሳሉ። በጉራጌ መንደር መካከል የሚያልፈው ሰፊው ሣር ለበስ ጀፎረ ልጅ የሚቦርቅበት፣ ሠርግና ለቅሶ የሚስተናገድበት ስፍራ ነው። ከተማ ስንገባ ጀፎረውን ትተን መጣን፤ በምትኩ ሰው ከሰው የሚገናኝበት ሌላ ቦታ ያስፈልገናል።

በአርባዎቹ መጨረሻ ያሉ አንዲት ነጋዴ ታካሚዬ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ሥልጠና ጀመሩ። ሁለት ቀን ሲቀሩ አብረዋቸው የሚሠለጥኑት ወጣቶች ሱቃቸው ድረስ መጥተው «ምነው ጠፉ?» አሏቸው። ከለቅሶና ከብድር ሌላ ሰው ፈልጓቸው ሲመጣ ከስንት ጊዜ በኋላ መሆኑን ሲነግሩኝ ዓይናቸው ዕንባ አቅርሮ ነበር። የግፊታቸው ቁጥርም ዝቅ ብሏል፤ እንቅስቃሴ ለወራት ከተዘወተረ ግፊት ያለበትን ሰው የላይኛውን ቁጥር ከ5 እስከ 8 ነጥብ ሊቀንስ ይችላል። ለወንዶቻችን ግን አንድ ፈተና አለ። እዚያ ቤት ማዕረግ የሚወሰነው በቀበቶ ቀለም ነውና፣ የ50 ዓመቱ ባለሱቅ ከ22 ዓመት ወጣት ትእዛዝ ይቀበላል። አንዳንዱ ከእግር ሕመሙ ይልቅ ይህ ይከብደዋል።

ሴቶች ስለ አለባበስ ይጨነቃሉ። የዓለም ቴኳንዶ ፌዴሬሽን በሂጃብ መወዳደርን ከፈቀደ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታልና በዚህ አይከልከሉ፤ አሰልጣኙ ለሴቶች የተለየ ሰዓት እንዲመድብ መጠየቅም ይቻላል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። የሦስት ወር ሥልጠና ቢላዋ የያዘን ሌባ ያስመልሳል ብሎ ቃል የሚገባ አሰልጣኝ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ። ቦርሳ ይተካል።

ኢትዮጵያ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በሰለሞን ቱፋ አማካይነት በቴኳንዶ ተወዳድራለች። የእርስዎ ጉዳይ ግን ሌላ ስለሆነ ከመጀመርዎ በፊት ይመርመሩ። ግፊትዎ 180 በ110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መጀመሪያ ሕክምናው ይቅደም። ስኳር ያለብዎት ከሆነ ሥልጠናው በባዶ እግር መሆኑን አይርሱ፤ እግርዎ የሚደነዝዝ ከሆነ ቁስሉን ሳያውቁት ይሰነብታሉና ማታ ማታ የእግርዎን መዳፍ ይመልከቱ። ኢንሱሊን የሚወስዱ ኪሳቸው ውስጥ ከረሜላ ይያዙ። ነፍሰ ጡር ከመውደቅና ከመመታት ትራቅ። ሲሠሩ ደረትዎን የሚጫንዎ ወይም ራስዎን የሚያዞርዎ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ይዩ። የድባቴ መድኃኒት የሚወስዱም ሥልጠናው ስለተስማማቸው ብቻ አያቋርጡ። መኖር ካስጠላዎት ደግሞ ስፖርት ቤት ሳይሆን ሆስፒታል ይሂዱ፤ በቡታጅራ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ከተጀመረ ቆይቷል።

አዳራሹን ሲመርጡ ወለሉን ይዩ። ባዶ ሲሚንቶ ላይ የሚዘለል ከሆነ ጉልበትዎ ይከፍላል። አሰልጣኙ ሲረግጡ የቆሙበትን እግር አብረው እንዲያዞሩ የሚያስተምር መሆኑን ይመልከቱ፤ እግሩ መሬት ተጣብቆ ገላ ሲዞር የሚበጠሰው የጉልበት ጅማት ነው። ጀማሪን በመጀመሪያው ወር ከልምድ ባለቤት ጋር የሚያጋጥም ቦታ አይግቡ። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ካስመለሰው፣ ግራ ከተጋባ ወይም ራስ ምታቱ ከበረታበት በፍጥነት ሆስፒታል ይወሰድ፤ ደህና ነኝ ቢልም በዚያ ቀን ወደ ግጥሚያ አይመለስ።

ስለ ጫትም ሳላነሳ ባልፍ አካባቢውን እንደማላውቅ ይቆጠርብኛል። ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ይጨምራል፤ ቅሞ መጥቶ መርገጥ ልብን በሁለት በኩል መጎተት ነው። አንዳንድ ሠልጣኝ የጫቱን ሰዓት በሥልጠናው ሰዓት ተክቶታል፤ ጨዋታውም ሰው ማግኘቱም ስላልቀረበት ብዙ አልከበደውም። ምግብን በተመለከተ ቆጮ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ አነስተኛ ነው፤ አይብ፣ ሥጋ ወይም በጾም ባቄላና ምስር ይጨምሩበት። በረመዳን ከበድ ያለውን ሥልጠና ከማፍጠሪያ በኋላ ያድርጉት።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጭንና መቀመጫዎ ቢቆረጥምዎ አይደንግጡ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቃል። ያበጠ መገጣጠሚያ ወይም ከሳምንት ያለፈ ሕመም ግን ይታይ። ሥልጠናው 12 ሰዓት ላይ የሚጀምር ከሆነ ለ12 ሩብ ጉዳይ ይድረሱ፤ ጭኑን ይዞ እያነከሰ ወደ እኛ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ማሟሟቂያውን የዘለለው ሰው ነው።