ስለ ባቡር ግፊያ፤ ሥጋና ኅሊና በጠባብ ስፍራ

የጃፓን መንግሥት የባቡሮቹን መጨናነቅ የሚለካበት መስፈርት በጋዜጣ ንባብ የሚገለጽ መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ አንባቢ ሳይደነቅ አይቀርም። በዚህ መስፈርት መሠረት መቶ በመቶ ማለት ተሳፋሪው ሁሉ ወይ ተቀምጦ፣ ወይ ከጣሪያው የተንጠለጠለውን መያዣ ጨብጦ፣ ወይም በበሩ አጠገብ ያለውን ዘንግ ይዞ የሚሄድበት ልክ ነው፤ 150 በመቶ ሲሆን ሰው ጋዜጣውን ዘርግቶ ማንበብ ይችላል፤ 180 በመቶ ሲሆን ጋዜጣውን አጥፎ፣ ያውም እየተቸገረ ካልሆነ በቀር አያነብም፤ 200 በመቶ ላይ ሰውነት ከሰውነት ይጣበቃል፣ ግፊቱም ይበረታል፣ ይሁን እንጂ መጽሔት እንደ ምንም ሊነበብ ይቻላል፤ 250 በመቶ ሲደርስ ግን ባቡሩ በተንገዳገደ ቁጥር ሰው ሁሉ አብሮ ያዘነብላል፣ እጁንም ካለበት ሊያንቀሳቅስ አይችልም። ይህ አለካክ ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ቢመስልም ጥልቅ ማስተዋል አለበት፤ የመጨናነቅን ልክ የሚያስረዳው በሰው ብዛት ብቻ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሰው በተረፈለት ነጻነት ነውና። ወደ ፊት እንደምናየው የሥነ ልቡና ሊቃውንትም በብዙ ምርምር የደረሱበት ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም።

ቶኪዮ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍርስራሽ ተነሥታ ሠራተኛውን ከየገጠሩ መሰብሰብ በጀመረችበት ዘመን ሐዲዷ የተሠራው ለሌላ ዓይነት ከተማ ነበረ። ስለዚህም በ1955 ዓ.ም. (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሺንጁኩ ጣቢያ፣ የፉርጎው በር እንዲዘጋ የመጨረሻዎቹን ተሳፋሪዎች በትከሻቸውና በጀርባቸው እየገፉ የሚያስገቡ ሰዎች ተመደቡ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ ተማሪዎች ነበሩ። ብሔራዊው የምድር ባቡር ድርጅት በ1965 ዓ.ም. ከቶኪዮ ወደ ዳር በሚወጡት አምስት አቅጣጫዎች ሐዲዱን እጥፍ ለማድረግ ታላቅ ሥራ ጀመረ፤ ነገር ግን የሕዝቡ ቁጥር ከሐዲዱ ይፈጥን ስለ ነበር በ1975 ዓ.ም. በቶኪዮ ዙሪያ ባሉት ዋና ዋና መስመሮች ላይ በግፊያ ሰዓት የተለካው አማካይ 221 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ይህ ቁጥር በ2019 ዓ.ም. ወደ 163 የወረደው ከአርባ ዓመት በላይ ያለማቋረጥ አዲስ መስመር በመዘርጋት፣ ፉርጎ በመቀጠልና ባቡሮቹን በማቀራረብ ነው። በዚያው ዓመት እንኳ ቶዛይ በሚባለው የምድር ውስጥ መስመር፣ ከኪባ ጣቢያ እስከ ሞንዜን ናካቾ ባለው አጭር መንገድ፣ መጨናነቁ 199 በመቶ ነበረ።

ባቡር ሲሞላ መከራው በፉርጎው ውስጥ ተወስኖ አይቀርም። ባቡሮች በሁለትና በሦስት ደቂቃ ልዩነት በሚከተታተሉበት መስመር ላይ፣ አንዱ ባቡር ሰው ለማስገባት ከተመደበለት ጊዜ ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ቢያልፍ፣ በሚቀጥለው ጣቢያ የሚጠብቀው ሕዝብ በዚያው መጠን ይበዛል፤ ሕዝቡ ስለ በዛም መሳፈሪያው ይረዝማል፣ መሳፈሪያው ስለ ረዘመም ባቡሩ የባሰ ይዘገያል፤ ከኋላው የሚመጣው ግን የሚሳፈረውን ሕዝብ ቀዳሚው ስላነሣለት እየቀለለው ይሄዳል። የዘገየና እስከ አፉ የሞላ ባቡር ሲመጣ ተከታዩን መጠበቅ ብዙ ጊዜ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው፤ ተጓዡ ጥቂት ደቂቃ ከፍሎ ሰፊ ቦታ ይገዛልና። መሐንዲሶቹም የመሳፈሪያውን ጊዜ ለማሳጠር ብዙ ደክመዋል። ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ በቶኪዮ መካከል 34.5 ኪሎ ሜትር በሚዞረው የያማኖቴ መስመር ላይ በአንድ ጎን ስድስት በር ያላቸው ፉርጎዎች ይሠሩ ነበር፤ በእነዚህም ውስጥ ወንበሮቹ እስከ ጧቱ አራት ሰዓት ታጥፈው ስለሚቆለፉ ሰው ሁሉ ይቆም ነበር። በጣቢያው ጠርዝ ላይ ሰው እንዳይወድቅ የሚከለክሉ በሮች ሲተከሉ የፉርጎ በሮች ሁሉ በአንድ ልክ መሆን ስላለባቸው፣ በ2011 ዓ.ም. ፉርጎዎቹ ከመስመሩ ወጡ።

በበሩ ላይ ስለሚሆነው ነገር ዲርክ ሄልቢንግ የተባለው ሊቅ ከኢሌሽ ፋርካሽና ከታማሽ ቪቼክ ጋር በ2000 ዓ.ም. በሒሳብ ቀመር ያሳየው ምሥጢር አለ። በጠባብ በር ላይ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጋፋ ትከሻ ከትከሻ ተደጋግፎ እንደ ድንጋይ ቅስት ይቆማል፤ ቅስቱንም የሚያጸናው ከኋላ የሚመጣው ግፊት ራሱ ስለ ሆነ፣ ሰው ለመፍጠን በጣረ መጠን የሚያልፈው ቁጥር ያንሳል። የቶኪዮ ተሳፋሪዎች በበሩ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ወራጁ በመካከል እስኪወጣ የሚጠብቁት በጨዋነት ብቻ ነው ማለት ልማዱን ማሳነስ ይሆናል፤ ልማዱ ቅስቱ ገና ሳይሠራ የሚያፈርስ ጥበብ ነው። ጆን ፍሩን የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ እንደ ጻፈው ደግሞ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ወደ ሰባት ሰው ሲቆም ሕዝቡ የየግል እንቅስቃሴውን አጥቶ እንደ ፈሳሽ መወዛወዝ ይጀምራል፤ እዚያ ላይ የደረሰ ሰው የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ወዴት እንደሚሄድ ራሱ አይወስንም።

አሁን ወደ ሥጋ እንምጣ። ጸጥ ብሎ የቆመ ጎልማሳ ሰው 100 ዋት የሚያህል ሙቀት ከሰውነቱ ያወጣል፤ 300 ሰው በታጨቀበት አንድ ፉርጎ ውስጥ እንግዲህ 30 ኪሎዋት የሚሆን ምድጃ ይነድዳል ማለት ነው፤ በዚያ ላይ ከትንፋሽና ከላብ የሚወጣው እርጥበት ላቡ ከቆዳ ላይ ተንኖ ሰውነትን እንዳያቀዘቅዝ ያግደዋል። ሰው ሲቆም ከግማሽ ሊትር የማያንስ ደም በክብደቱ ወደ ታችኛው አካሉ ይወርዳል፤ ይህን ደም ወደ ልብ የሚመልሱት በተለይ የባት ጡንቻዎች ናቸው፣ እነርሱም ይህን የሚሠሩት ሲንቀሳቀሱ ነው። በተጨናነቀ ባቡር ውስጥ ግን እግር አይነቃነቅም፤ ሙቀቱም የቆዳን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ በዚህ ጊዜ በአንዳንድ ሰው ላይ የልብ ምት ድንገት ይቀንሳል፣ የደም ሥሮቹም ይላላሉ፣ ወደ አንጎል የሚሄደውም ደም ያንሳል። ማቅለሽለሽ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የዐይን መጨለም፣ የጆሮ መጮኽ ቀድመው የሚመጡ ምልክቶች ናቸው። ራሱን የሳተ ሰው መውደቁ በመሠረቱ የተፈጥሮ መድኃኒት ነው፤ በወደቀ ጊዜ ራሱና ልቡ በአንድ ከፍታ ስለሚሆኑ ደሙ ያለ ድካም ወደ አንጎል ይደርሳልና። በግፊያ መካከል ግን ሰዎች ከየአቅጣጫው ደግፈው ስለሚይዙት መውደቅ አይችልም፤ በዚህም ምክንያት ቆሞ የቀረው ሰው ከወደቀው ይልቅ አደጋ ላይ ነው። በአጠገባችሁ ያለ ሰው ፊቱ ገርጥቶ ሲዝለፈለፍ ብታዩ ቀና አድርጋችሁ አትያዙት፤ ቦታ አስለቅቃችሁ አስተኙት፣ ካልተቻለም አስቀምጡት። ምልክቱ በራሱ ላይ የመጣበት ሰውም እግሮቹን አቆላልፎ ጭኑንና መቀመጫውን አጥብቆ ቢጨምቅ፣ ጣቶቹንም ቢጨብጥ ደሙን ወደ ላይ ይመልሳል፤ ምልክቱ ሳይመጣ ደግሞ ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ውሃ ጠጥቶ፣ አንዳች ነገርም ቀምሶ መውጣት ይረዳል፤ ጾሙን ይዞ እስከ ቀትርና ከዚያም በላይ ሳይቀምስ የሚጓዝ ምእመን ከሌላው ይልቅ ይህን የባት እንቅስቃሴ ሊያዘወትር ይገባዋል።

ከሥጋ ይልቅ ግን ብዙ የሚያደክመው ኅሊና ነው። ኤድዋርድ ሆል የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ በ1966 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ሰው በዙሪያው የማይታዩ ድንበሮች እንዳሉት አስረድቶ፣ እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ያለውን ስፍራ ለቅርብ ወዳጅና ለቤተ ሰብ የተጠበቀ አድርጎ መደበው። ባቡር ይህን ድንበር በየጧቱ ያፈርሳል፤ የማያውቁት ሰው ትንፋሽ በአንገት ላይ ያርፋል። ተሳፋሪው ሰውነቱን አድርቆ፣ እጆቹን ሰብስቦ፣ ዐይኑን ከሰው ፊት አርቆ የሚሄደው ስለዚህ ነው፤ ይህንም ኩራት ወይም ጭካኔ አድርጎ የሚተረጉም ሰው አላስተዋለም፤ ሥጋው የተነካበትን ሰው ቢያንስ በዐይን ሳይነኩ መተው የአክብሮት ሁሉ የመጨረሻው ቅሪት ነውና። ይህንኑ መቀራረብ ለክፋት የሚጠቀሙበት ወንዶች በመብዛታቸው፣ ኬይዮ የተባለው የባቡር ኩባንያ በ2001 ዓ.ም. ለሴቶች ብቻ የተለየ ፉርጎ መደበ፤ ሌሎችም ተከተሉት።

የሆነ ሆኖ የሰው መቀራረብ ብቻውን ነፍስን አያስጨንቅም። በጥምቀት ዕለት በጃንሜዳ የሚቆመውን ሕዝብ ያየ ሰው ይህን ያውቃል፤ ትከሻ ከትከሻ ተጋፍቶ፣ ፀሐይ አናቱን እየመታው፣ ሰዓታት ሙሉ የቆመ ምእመን ወደ ቤቱ ሲመለስ ስለ ደስታው እንጂ ስለ ግፊያው አያወራም። ሃኒ አልናቡልሲና ጆን ድሩሪ በመካ ሐጅ ላይ ያደረጉት፣ በ2014 ዓ.ም. የታተመው ጥናት ይህንኑ አረጋግጧል፤ በጣም በተጠጋጋው ሕዝብ መካከል ከተሰበሰበው ሕዝብ ጋር አንድ ነኝ ብለው የሚያምኑት ምእመናን ደኅንነት ይሰማቸው ነበር፤ ይህ እምነት ያልነበራቸው ግን ሕዝቡ በተጠጋጋ መጠን ፍርሃታቸው ይጨምር ነበር። በሥራ ባቡር ላይ ግን የሚያስተሳስር በዓል የለም።

እዚያስ የሚያስጨንቀው ምንድን ነው? ለዚህ መልስ የሚሰጥ፣ እኔም ከሁሉ የማደንቀው ጥናት በስዊድን አገር የተደረገ ነው። ኡልፍ ሉንድበርግ በ1976 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፣ በየጧቱ በባቡር ወደ ስቶክሆልም የሚጓዙ ወንዶችን ሽንት መርምሮ አድሬናሊን የተባለውን የጭንቀት ንጥረ ነገር ለካ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ከመጀመሪያው ጣቢያ ተነሥተው ከአንድ ሰዓት በላይ ይጓዙ ነበር፤ ሌሎቹ ግን ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ተሳፍረው ግማሽ ያህሉን ጊዜ ብቻ ይሄዱ ነበር። ብዙ የደከመው ረጅሙን መንገድ የሄደው ነው ብሎ መገመት ተገቢ ይመስላል፤ ነገር ግን የተገኘው ውጤት ተቃራኒው ነው። ከፍ ያለ አድሬናሊን የተገኘው አጭሩን መንገድ በተጓዙት ላይ ነበር፤ ፊተኞቹ ባዶ ፉርጎ ውስጥ ገብተው የት እንደሚቀመጡ፣ ከማን ጋር እንደሚቀመጡ፣ ዕቃቸውን የት እንደሚያኖሩ ራሳቸው መርጠዋልና፤ ኋለኞቹ ግን ሌላው የተወላቸውን ተቀበሉ። ጋሪ ኢቫንስና ሪቻርድ ዌነርም በ2007 ዓ.ም. ከኒው ጀርሲ ወደ ኒው ዮርክ በሚመላለሱ ተሳፋሪዎች ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ የፉርጎው ጠቅላላ መሙላት ብዙም እንደማያስጨንቅ፣ የሚያስጨንቀው በአንድ ወንበር ላይ ከግራና ከቀኝ መታጠር መሆኑን ከምራቅ በተለካው፣ ኮርቲሶል በሚባለው ሌላ የጭንቀት ንጥረ ነገር አሳይተዋል። ስለዚህም አንድ ተጓዥ ከጓደኞቹ ጥቂት ቀድሞ ቢወጣ፣ በበሩ አጠገብ ከመቆም ወደ ፉርጎው መካከል ቢገባ፣ ቦርሳውን ከጀርባው አውርዶ በደረቱ ቢይዝ፣ በየጧቱ የሚቆምበትን ስፍራ አስቀድሞ ቢወስን፣ የሚያገኘው ስፍራ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚበልጥ ቢሆንም ለነፍሱ የሚያደርገው ነገር ከሳንቲ ሜትሩ እጅግ ይበልጣል።

በዚህ ዐይን ሲታይ የአዲስ አበባ ተሳፋሪ ሸክም ከቶኪዮው ይከብዳል። በመስከረም 2015 ዓ.ም. በ41 ባቡሮች ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር፣ ብዙዎቹ በመለዋወጫ ዕቃ ዕጥረት ከአገልግሎት በመውጣታቸው፣ ከአያት ወደ ጦር ኃይሎችም ሆነ ከቃሊቲ ወደ መሐል ከተማ የሚሄደው ሰው ይህኛው ቢያልፈው የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ ሳያውቅ ይቆማል። ተከታዩን መጠበቅ ምርጫ የሚሆነው ተከታዩ በሚታወቅ ሰዓት የመጣ እንደ ሆነ ነው፤ ካልሆነ ግን ሰው በቀረበለት በር ላይ እንዲጋፋ የሚያስገድደው ጠባዩ ሳይሆን የሰዓቱ አለመታወቅ ነው፤ ሕዝቡን ስለ ግፊያው መውቀስም ፍትሕ አይመስለኝም።

በቶኪዮ ያሉ ባለሥልጣናትና ኩባንያዎች ከሐዲዱ ሥራ ቀጥሎ የያዙት ዘዴ ይህን ምርጫ ማስፋት ነው። የከተማይቱ አስተዳዳሪ ዩሪኮ ኮይኬ በ2016 ዓ.ም. የተጨናነቀ ባቡር እንዳይኖር አደርጋለሁ ብለው ተመረጡ፤ በተከታዩም ዓመት መሥሪያ ቤቶች የመግቢያ ሰዓታቸውን እንዲለያዩ የሚያሳስብ ዘመቻ ተጀመረ። በ2019 ዓ.ም. መጀመሪያ በቶዛይ መስመር በማለዳ የሚሳፈሩት ሰዎች ቁጥር የተወሰነለትን ልክ ካለፈ ሶባ የሚባለው የጃፓን ምግብ በነጻ እንደሚሰጣቸው ተነገረ። የኮሮና ወረርሽኝ ዘመን በ2020 ዓ.ም. አማካዩን ወደ 107 በመቶ ካወረደው በኋላም፣ ጄአር ኢስት የተባለው ኩባንያ በመጋቢት 2023 ከግፊያው ሰዓት ውጭ ለሚጓዝ ሰው አሥር በመቶ ያህል የሚቀንስ የወር ትኬት አወጣ። ከሁሉ ይልቅ ግን እኔን የሚያስደስተኝ ይኸው ኩባንያ በ2014 ዓ.ም. የጀመረው አገልግሎት ነው፤ የያማኖቴ ፉርጎዎች በሚያርፉባቸው የአየር ትራሶች ግፊት የእያንዳንዱ ፉርጎ ክብደት ይለካል፣ ልኩም ወደ ተሳፋሪው ስልክ ይላካል፤ በጣቢያው ላይ የቆመውም ሰው ገና ባቡሩ ሳይደርስ የቀለለውን ፉርጎ አይቶ ወደሚቆምበት ስፍራ ይራመዳል።