የአየር ጠመንጃን በምን ጋዝ እንሙላ?

«የአየር ጠመንጃ» ሲባል ብዙዎቻችን የልጆች መጫወቻ ይመስለናል። ይሁን እንጂ መሣሪያው ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1780 ገደማ የኦስትሪያ ጦር ጂራርዶኒ የተባለው ባለሙያ የሠራውን የአየር ጠመንጃ ታጥቆ ነበር፤ የዚህን ጠመንጃ የአየር ቋት በእጅ ፓምፕ ለመሙላት 1,500 ያህል ጊዜ መግፋት ያስፈልግ ነበር ይባላል። በ10 ሜትር ርቀት የሚካሄደው የአየር ጠመንጃ ውድድርም እ.ኤ.አ. ከ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ አንሥቶ የኦሊምፒክ ስፖርት ሆኗል። ዛሬ ተወዳዳሪዎች የሚይዙት ጠመንጃ 4.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላትን የእርሳስ ጥይት የሚያስወነጭፈው ከበርሜሉ ሥር በተገጠመ ትንሽ ሲሊንደር ውስጥ በታመቀ አየር ነው። የሲሊንደሩ ግፊት ሲሞላ 200 ባር ይደርሳል፤ ይህም ከከባቢ አየር ግፊት 200 እጥፍ ያህል ማለት ነው።

ሲሊንደሩ ባዶ ሲሆን ከየት ይሞላል? የታመቀ ጋዝ በጎሚስታው ዘንድ አለ፤ በበያጁ ዘንድ አለ፤ በሆስፒታልም አለ። ሁሉም «ጋዝ» ስለሆኑ አንዱ ሌላውን የሚተካ ሊመስል ይችላል። ይህ ግምት ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ምክንያቱን ከመሠረታዊ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ትምህርታችን በመነሣት እንመልከት።

በትንሽ ብረት ውስጥ የታሰረ ኃይል

0.2 ሊትር ይዘት ያለው ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ፣ በቦይል ሕግ መሠረት 40 ሊትር ያህል የከባቢ አየር ይይዛል። ይህ አየር በድንገት ቢለቀቅ በአካባቢው ላይ የሚሠራው ሥራ ወደ 7,000 ጁል ይጠጋል። 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ወደ 10 ሜትር ከፍታ ለማንሣት የሚበቃ ጉልበት ነው። እንግዲህ ከማንኛውም ኬሚካላዊ ለውጥ በፊት፣ የታመቀ ጋዝ በራሱ ሊከበር የሚገባው ኃይል ነው። በዚህ ላይ የሚቃጠል ነገር ሲጨመርበት አደጋው በእጅጉ ይበረታል።

ኦክስጅን ለምን አይፈቀድም?

ኦክስጅን ራሱ አይቃጠልም፤ ሌላውን ግን ያቃጥላል። ከምንተነፍሰው አየር ውስጥ ኦክስጅን 21 በመቶ ብቻ ነው፤ 78 በመቶው ናይትሮጅን ሲሆን እሳትን የሚያረጋጋው ይኸው ናይትሮጅን ነው። ንጹሕ ኦክስጅን በ200 ባር ሲታመቅ፣ የኦክስጅኑ ግፊት በተለመደው አየር ውስጥ ካለው ድርሻ ወደ አንድ ሺህ እጥፍ ይጠጋል። በዚህ ሁኔታ ቅባት፣ የጎማ ማሸጊያ፣ አልፎ ተርፎም ብረት ነዳጅ ይሆናል።

«እሳቱን የሚለኩሰው ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ ይሆናል። መልሱ እመቃው ራሱ ነው። የብስክሌት ፓምፕ ደጋግመን ስንገፋ ጫፉ እንደሚሞቅ እናውቃለን። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድና በ1 ባር ያለ ጋዝ ሙቀቱን ለማስወጣት ፋታ ሳያገኝ በቅጽበት ወደ 200 ባር ቢታመቅ፣ መጠነ ሙቀቱ በስሌት ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። በተግባር የቱቦው ግድግዳ ከሙቀቱ ብዙውን ስለሚወስድ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ የሆነ ሆኖ ቫልቭ በፍጥነት ሲከፈት ጥቂት ቅባት ለማቀጣጠል ሊበቃ ይችላል። የዲዝል ሞተርም ያለ ሻማ የሚሠራው በዚሁ መርሕ ነው።

የኦክስጅንን ጠባይ ለማሳየት አንድ አሳዛኝ ታሪክ እናስታውስ። እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን 1967 የአፖሎ 1 መንኮራኩር በምድር ላይ ሲፈተሽ ውስጡ በንጹሕ ኦክስጅን ተሞልቶ ነበር፤ በተነሣው እሳት ሦስቱም ጠፈርተኞች ሞቱ። በዚያን ጊዜ የነበረው ግፊት ከከባቢ አየር ጥቂት ብቻ የሚበልጥ ነበር። ስለዚህ የሆስፒታልም ሆነ የበያጅ ኦክስጅን ለአየር ጠመንጃ ፈጽሞ አይሆንም። የኦክስጅን ሲሊንደር መግጠሚያ ከሌሎች እንዲለይ የተደረገውም ስሕተትን ለመከላከል ነው፤ በአስማሚ ማያያዝ ይህን ጥበቃ ማፍረስ ይሆናል። ለጠላቂ ዋናተኞች የሚዘጋጅ ኦክስጅን የተጨመረበት አየርም እንደዚሁ መወገድ አለበት።

ቡታጋዝና አሲቲሊንን የመሰሉ ተቀጣጣይ ጋዞች ከቶ አይታሰቡም። አሲቲሊን አየር ባይኖርም እንኳ በግፊት ብቻ ተበታትኖ ሊፈነዳ ይችላል።

ውኃ፣ ስውሩ ጠላት

የጎሚስታው ኮምፕሬሰር አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ባር ብዙም ስለማያልፍ ለዚህ ሥራ አይበቃም፤ በዚያ ላይ ዘይትና ርጥበት ይዞ ይመጣል። ለ200 ባር የተሠራ የእጅ ፓምፕ ግፊቱን ይሰጠናል፤ ችግሩ ርጥበት ነው። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በተን የጠገበ አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ያህል ውኃ ይይዛል። ስለዚህ የ40 ሊትር አየር ርጥበት እስከ 0.7 ግራም ሊሆን ይችላል። ይኸው አየር በ0.2 ሊትር ውስጥ ታምቆ ሲቀዘቅዝ በተን መልክ ሊቆይ የሚችለው ከ0.01 ግራም በታች ነው፤ የቀረው ጠብታ ይሆናል። በየሙሊቱ የሚጠራቀመው ይህ ጠብታ ብረቱን ከውስጥ ያዝገዋል፤ የዛገ ግድግዳ ደግሞ ግፊቱን ላይሸከም ይችላል። ስለሆነም የእጅ ፓምፕ የርጥበት ማጣሪያ ያስፈልገዋል።

የተሻሉት ምርጫዎች

የመጀመሪያው ምርጫ ለጠላቂ ዋናተኞች የሚዘጋጀው፣ ዘይቱም ርጥበቱም የተጣራለት ተራ አየር ነው። ሁለተኛው ደረቅ ናይትሮጅን ነው። ናይትሮጅን ቃጠሎን አያግዝም፤ የሞለኪዩል ክብደቱም (28) ከአየር አማካይ (29) ጋር ስለሚቀራረብ በጥይቱ ፍጥነት ላይ የጎላ ለውጥ አያመጣም። ነገር ግን ቀለምም ሽታም የለውም። የመታፈን ስሜት የሚመጣብን በደማችን ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲከማች እንጂ ኦክስጅን ሲያንስ ስላልሆነ፣ በዝግ ክፍል ውስጥ የሚያፈስ ናይትሮጅን ሳያስጠነቅቅ ራስን ያስታል። መሙያው ቦታ አየር የሚዘዋወርበት መሆን አለበት።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያገለግለው ለእርሱ ተብለው በተሠሩ ጠመንጃዎች ብቻ ነው። በሲሊንደር ውስጥ ፈሳሽ ስለሚሆን ግፊቱን የሚወስነው መጠነ ሙቀቱ ነው፤ በ0 ዲግሪ 35 ባር፣ በ20 ዲግሪ 57 ባር ይሆናል። ለካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሠራን ሲሊንደር በ200 ባር አየር መሙላት ደግሞ ፍንዳታን መጋበዝ ነው። ሂሊየም ባይቃጠልም ውድ ነው፤ በቀላሉ ያፈሳል፤ የጥይቱንም ፍጥነት ከታሰበው በላይ ያደርሳል።

ከመሙላታችን በፊት

ትክክለኛ ጋዝ መምረጥ ብቻውን አይበቃም። 10 ሊትር የሚይዝ የ200 ባር ሲሊንደር 100 ባር ከቀረው የ0.2 ሊትር ሲሊንደር ጋር ቢያያዝ፣ ሁለቱ በ198 ባር ይመጣጠናሉ። ምንጩ 300 ባር ከሆነ ግን ትንሹ ሲሊንደር ከተፈቀደለት በላይ ሊገፋ ስለሚችል የግፊት መቆጣጠሪያ የግድ ነው። ቫልቩን ቀስ ብለን እንክፈት፤ መለኪያውን እያየን እንሙላ፤ በሲሊንደሩ ላይ የታተመውን የግፊት ወሰንና የአገልግሎት ዘመን እናንብብ፤ አምራቹ ያላዘዘውን ቅባት አንጠቀም። የሲሊንደሩን ይዘት የሚገልጽ ጽሑፍ ከሌለ ወይም ሻጩ በእርግጠኝነት ሊነግረን ካልቻለ አለመሙላት ይመረጣል።

በክፍል ውስጥ የምናጠናቸው የጋዝ ሕጎች ለፈተና ብቻ የተጻፉ አይደሉም። በዓይን የማይታየውን ጋዝ ከሲሊንደሩ ቀለም ይልቅ በጠባዩ እንድናውቀው፣ እጃችንንና ዓይናችንንም እንድንጠብቅ ያስችሉናል።